ከጎዶማ እስከ ሞምባሳ ደሴት

የጉዞ ጽሑፍ የሚያቀርብ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሄዶ ከተመለሰ በኋላ ያየውንና የሰማውን ይተርካል። እኔ ግን ዛሬ የምጽፍላችሁ ገና ስላልሄድሁበት መንገድ ነው። የዚህ ጉዞ ዝግጅት ብቻውን ሦስት ወር ፈጅቷል፤ ቤተ ሰቤን አነጋግሯል፤ አንድ ጊዜም አጣልቶናል። በመጨረሻው ግን ብዙ ነገር ስላስተማረን፣ ልጆቹን ይዞ ወደ ባሕር ዳርቻ ለመሄድ የሚያስብ የቤተ ሰብ አባት ቢያነበው ሳይጠቅመው አይቀርም ብዬ ብዕሬን አነሣሁ።

የምኖረው በሞያሌ ነው። ሞያሌ አንድ ስም ይዛ ለሁለት መንግሥታት የተከፈለች ከተማ ናት። በዚህ በኩል መኪና ቀኙን ይዞ ሲሄድ በዚያ በኩል ግራውን ይዞ ይሄዳል፤ እዚህ በብር የሚገዛው ዕቃ እዚያ በሽልንግ ይገዛል። ሕዝቡ ግን በቋንቋም በጋብቻም በገበያም አንድ ስለ ሆነ፣ ጠዋት ወዲህ ማታ ወዲያ ሲል ይውላል። በኅዳር ወር 2013 ዓ.ም. የሁለቱ አገሮች መሪዎች በጋራ የመረቁት አንድ የድንበር መቆጣጠሪያ ጣቢያ ከቆመ ወዲህ መንገደኛ በሁለት ቦታ መጉላላቱ ቀርቶ ጉዳዩን በአንድ ቦታ ይፈጽማል። በዚህች ከተማ የማይገኝ ነገር ቢኖር ውኃ ነው። የእኛ ሠፈር ልጆች ውኃን የሚያውቁት በጀሪካን ቁጥር ነው፤ አንድ ጀሪካን፣ ሁለት ጀሪካን እያሉ።

የነገሩ መነሻም ይኸው ነው። የሦስተኛ ክፍል ተማሪ የሆነችው ልጄ አንድ ማታ ትምህርቷን ስታጠና «ደሴት ማለት ዙሪያውን በውኃ የተከበበ መሬት ነው» የሚለውን ጮክ ብላ ካነበበች በኋላ ቀና ብላ፣ «አባባ፣ ያን ሁሉ ውኃ ማን ቀድቶት ነው?» አለችኝ። ታናሽ ወንድሟም ተከትሎ «ስንት ጀሪካን ይሆናል?» አለ። እናታቸው ሣቀች፤ እኔም ሣቅሁ። ነገር ግን ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም። እኔም በእነርሱ ዕድሜ ሳለሁ ይህንኑ የመሰለ ጥያቄ አባቴን ጠይቄው ነበርና።

አባቴ በወጣትነቱ በምጽዋ ወደብ የሠራ ሰው ነበር። የእኛ አገር አዲግራት ነው። ከዚያ ተነሥቶ በሰንዓፈና በዓዲ ቀይሕ በኩል አልፎ ቁልቁለቱን ወደ ባሕሩ መውረድ ለእርሱ ዘመን ሰው ታላቅ ነገር አልነበረም። ማታ ማታ ስለ መርከቡ፣ ስለ ጨው ክምሩ፣ በስተ ማዶ ስላሉት የዳህላክ ደሴቶች ይነግረን ነበር። በሚሲዮን ትምህርት ቤት ያስተማሩን አንዲት አረጋዊት መነኩሲትም በጠረጴዛቸው ላይ ባለው ሉል ጣታቸውን ከአዲግራት አንሥተው ወደ ቀይ ባሕር ሲያስኬዱት መንገዱ ከግማሽ ጥፍር አይበልጥም ነበር። አባቴ «ክረምቱ ሲወጣ ወስጄ አሳይሃለሁ» ብሎ ተስፋ ሰጠኝ። እኔ ስምንት ዓመት ሲሞላኝ ግን በግንቦት ወር 1990 ዓ.ም. ጦርነት ተነሣና በዛላንበሳ በኩል ያለው መንገድ ተዘጋ። አባቴም መንገዱ ሳይከፈት ዐረፈ።

አንባቢ እንደሚያስታውሰው፣ ያ በር በመስከረም ወር 2011 ዓ.ም. ለጥቂት ወራት ተከፍቶ ነበር። ዘመዶቼ በመኪና እየተጫኑ አሥመራና ምጽዋ ደርሰው ተመለሱ። እኔ በዚያን ጊዜ ሞያሌ በሥራ ላይ ነበርሁ። የዓመት ዕረፍቴ አላለቀም ነበር፤ የመሄጃ ገንዘብም አላጣሁም። ነገር ግን «መንገዱ ተከፍቷል፣ ምን ያስቸኩለኛል፤ በሚመጣው ዓመት እሄዳለሁ» አልሁ። የሚመጣው ዓመት ሳይደርስ በሩ ተመልሶ ተዘጋ። ከዚያ ወዲህ የተከፈተ መንገድ ባየሁ ቍጥር ይህ ስንፍናዬ ትዝ ይለኛል።

እንግዲህ የልጄን ጥያቄ በሰማሁበት ማግስት ለባለቤቴ «በዚህ ክረምት ልጆቹን ባሕር እናሳያቸው» አልኋት። ወዲያው አልመለሰችልኝም። ቡናውን ቀድታ ከጨረሰች በኋላ ግን «የእናትህ ቤት ጣራስ?» አለች። እውነቷን ነው። በ2013 ዓ.ም. በተነሣው ጦርነት የእናቴ ቤት ጣራ ተጎድቶ፣ እስከ ዛሬ ግማሹ በላስቲክ እንደ ተሸፈነ ነው። ስልኩ ተቋርጦ በቆየበት ዘመን በሕይወት መኖሯን እንኳ ሳናውቅ ብዙ ወራት አልፈዋል። ከደመወዛችን እየቀነስን ለሁለት ዓመት ያጠራቀምነው ገንዘብም ለቆርቆሮው የታሰበ ነበር። «ሽርሽር ለሀብታም ነው» ብላ ባለቤቴ ጨመረችበት። በዚያ ቀን ነገሩን በይደር አቆየነው።

በሳምንቱ እሑድ ድንበሩን ተሻግሬ፣ በኬንያ ሞያሌ ባለችው በጎዶማ የሚኖሩ አንድ አረጋዊ ወዳጄን ልጠይቅ ሄድሁ። እኒህ ሰው የቦረና ተወላጅ ናቸው፤ በጕልማሳነታቸው በከባድ መኪና ሹፌርነት ከወደቡ ጭነት እያመላለሱ ብዙ ዓመት ያገለገሉ ናቸው። ከግቢያቸው ጥላ ሥር ወተት የበዛበት ሻይ እየጠጣን ሐሳቤን ሁሉ አጫወትኋቸው። እርሳቸውም ካዳመጡኝ በኋላ፣

«ልጄ፣ ወደ የትኛው ደሴት ነው የምትሄደው?» አሉኝ።

«አባቴ፣ እርስዎ ሁሉንም ያውቋቸዋል፤ ይምረጡልኝ» አልኋቸው።

«እኔ መንገዱን እነግርሃለሁ፤ ምርጫው የኪስህ ነው» ብለው ሣቁ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሦስት ደሴቶችን አንድ በአንድ መረመርን፤ ያገኘነውንም ከዚህ ቀጥሎ አቀርባለሁ። የውጭውን አገር ታሪክ የሚመለከቱት ዓመታት በኤውሮፓ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

የመጀመሪያይቱ ዛንዚባር ናት። ስሟ ከሁሉ ይልቅ የታወቀ ነው። በ1964 ከታንጋኒካ ጋር ተዋሕዳ የታንዛኒያ ሪፑብሊክ ክፍል ሆናለች፤ የድንጋይ ከተማ የሚባለው ጥንታዊ ክፍሏም በ2000 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ቅርንፉዷና ነጭ አሸዋዋ የተመሰከረላቸው ናቸው። ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ለሚሄድ ሰው ጉዞው ጥቂት ሰዓት ብቻ ነው። ከሞያሌ ለሚነሣ የአራት ሰው ቤተ ሰብ ግን ወይ ወደ አዲስ አበባ ወደ ኋላ መመለስ፣ ወይም ኬንያን ከዳር እስከ ዳር አቋርጦ ሌላ ድንበር መሻገር ግድ ይሆናል። ከ2024 ጀምሮም ደሴቲቱ የውጭ አገር ጎብኚ ሁሉ የጉዞ መድን እንዲገዛ አዝዛለች። ባለቤቴ ሒሳቡን በወረቀት ላይ ደምራ ሳትናገር ወደ እኔ ገፋችልኝ። ዛንዚባርን በዚያው ሰረዝናት።

ሁለተኛይቱ ላሙ ናት፤ የእኔም ልብ ያረፈባት እርሷ ነበረች። ላሙ በሰሜናዊው የኬንያ ጠረፍ ያለች ትንሽ ደሴት ናት። ከተማዋ ከምሥራቅ አፍሪካ የስዋሂሊ ከተሞች ሁሉ ጥንታዊትና ጠባይዋን ሳትለውጥ የቆየች በመሆኗ በ2001 በዓለም ቅርስነት ተመዝግባለች። መንገዶቿ እጅግ ጠባቦች ስለ ሆኑ ጭነት የሚመላለሰው በመኪና ሳይሆን በአህያ ነው። ሞያሌንና ላሙን የሚያገናኝ ሌላም ነገር አለ። በየካቲት ወር 2004 ዓ.ም. የኬንያው ፕሬዚዳንት ምዋይ ኪባኪ፣ የኢትዮጵያው ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊና የደቡብ ሱዳኑ ፕሬዚዳንት ሳልቫ ኪር በላሙ ተገኝተው አዲስ ወደብ የሚሠራበትንና ከዚያም በኢሲዮሎ በኩል እስከ ሞያሌ የሚዘልቀውን የመጓጓዣ መሥመር ሥራ በይፋ አስጀምረዋል። የወደቡ የመጀመሪያ መርከብ ማቆሚያም በግንቦት ወር 2013 ዓ.ም. ሥራ ጀምሯል።

ላሙን እንድወዳት ያደረገኝ ግን በትምህርት ቤት ሳለሁ የሰማሁት ታሪክ ነው። በ1624 ጀሮኒሞ ሎቦ የተባለ ፖርቱጋላዊ ቄስ ወደ ኢትዮጵያ የሚገባበትን መንገድ ሲፈልግ፣ ከሕንድ አገር ተነሥቶ በላሙ አጠገብ ባለችው በፓቴ ደሴት ወረደ። ከዚያ በየብስ ወደ እኛ አገር ለመዝለቅ የባሕሩን ዳር ይዞ እስከ ጁባ ወንዝ ደረሰ፤ ነገር ግን መንገዱ የማይቻል መሆኑን አይቶ ተመለሰ። በሚከተለው ዓመት በቀይ ባሕር በኩል ዞሮ በአፋር ጠረፍ ባለችው በበይሉል ወረደ፤ በዚያም በኩል ወደ ትግራይ ወጥቶ በዓድዋ አጠገብ ከነበረችው ከፍሬሞና ደረሰ። ሃይማኖቱንና የመጣበትን ጉዳይ ለታሪክ ጸሐፊዎች ልተወውና፣ እኔን የሚደንቀኝ መንገዱ ነው። እርሱ ያን ጊዜ ሊያልፈው ያልቻለው ከደሴቶቹ ወደ ኢትዮጵያ የሚመጣው የየብስ ጉዞ ዛሬ በአስፋልት ሊሠራ መታሰቡ ቀላል ነገር አይደለም።

ይህን ታሪክ እየደጋገምሁ ስተርክ ባለቤቴ «ቄሱ ልጆች ይዞ ነበርን?» ብላ ጠየቀችኝ። የተጣላነው በዚያ ማታ ነው። በየብስ ወደ ላሙ የሚወስደው መንገድ ለቤተ ሰብ የሚመከር አይደለም። በሰኔ ወር 2014 በላሙ አውራጃ ባለችው በምፔኬቶኒ ላይ በተጣለው አደጋ ከ60 በላይ ሰዎች ተገድለዋል፤ አልሸባብ የተባለው ቡድንም እኔ ነኝ ብሏል። ከዚያም በኋላ በዚያ ወገን ባለው ጫካ አጠገብ የሚያልፉ መኪናዎች ላይ አደጋ ደርሷል። ደሴቲቱ ራሷ ሰላማዊት ስለ ሆነች ብዙ ሰው ከናይሮቢ በአውሮፕላን በአንድ ሰዓት ያህል ጊዜ አጠገቧ ካለችው ከማንዳ ደሴት ወርዶ በጀልባ ይሻገራል። ነገር ግን የአራት ሰው የአውሮፕላን ዋጋ የእናቴን ጣራ በሙሉ የሚበላ ሆነ። እኔ «እንበደር» አልሁ፤ እርሷ «የተበደረ ሰው ባሕሩን ሳይሆን ዕዳውን ነው ሲያይ የሚውለው» አለች። ሁለት ቀን ያህል በቅጡ አልተነጋገርንም።

በሦስተኛው ቀን ወደ ጎዶማ ተመልሼ ለሽማግሌው ነገርኋቸው። እርሳቸውም እንደ መገረም ብለው፣ «ልጄ፣ ሞምባሳን ስለ ምን ዘለልሃት?» አሉኝ።

«ሞምባሳማ ከተማ ናት፤ እኔ የምፈልገው ደሴት ነው» ብዬ መለስሁ።

«እኔ ጭነቴን ሳወርድ የኖርሁት ታዲያ የት ይመስልሃል?» አሉ።

በዚህ ጊዜ ዐፈርሁ። በእርግጥም ሞምባሳ ደሴት ናት። ብዙ ሰው ይህን የሚዘነጋው ከየብሱ ጋር በድልድይና በተደለደለ መንገድ ስለ ተያያዘች ነው። በስተ ምዕራብ የማኩፓ መንገድ፣ በስተ ሰሜን የንያሊ ድልድይ ያገናኟታል። በስተ ደቡብ በኩል ግን በሊኮኒ ሰውና መኪና የሚሻገረው በመርከብ ነው፤ እግረኛም ገንዘብ አይከፍልም። «ልጆችህን በዚያ መርከብ ወዲያና ወዲህ አመላልሳቸው፤ ከዚህ የሚበልጥ ሽርሽር የለም» አሉኝ። እኔም ሎቦን አስታወስሁ። በአንደኛው በር ሲመለስ በሌላው የገባ ሰው እርሱ አይደለምን?

ሞምባሳ በታሪክም ከሁለቱ የምታንስ አይደለችም። ዝነኛው የሞሮኮ ተጓዥ ኢብን ባጡጣ በ1331 በዚያ አልፏል፤ ቫስኮ ዳ ጋማም በ1498 ወደ ሕንድ ሲሄድ ደርሶባታል። ፖርቱጋሎች ከ1593 እስከ 1596 የሠሩት የኢየሱስ ምሽግ ዛሬም ከባሕሩ መግቢያ ላይ ቆሞ ይታያል። የዖማን ዐረቦች በ1696 ምሽጉን ከበው፣ ሦስት ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው በ1698 ያዙት። በእንግሊዞች ዘመን ወኅኒ ቤት ሆኖ ከቆየ በኋላ ለጎብኚዎች ተከፍቶ፣ በ2011 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። በዝናና በድካም ሳይሆን በአውቶቡስና በባቡር የሚደረስባት ደሴት ይህች ናት።

አዲሱን ሐሳብ ለባለቤቴ ባቀረብሁ ጊዜ ወረቀቷን አምጥታ እንደ ገና ደመረች። ዐሥር ቀን የነበረውን ወደ ስድስት ቀን፣ በባሕሩ ዳር ያለውን ሆቴል በከተማው ውስጥ ባለ ንጹሕ ማረፊያ ቤት፣ አውሮፕላኑን በሁለተኛ ማዕረግ ባቡር ለወጥነው። ከዚህ በኋላ ከገንዘቡ ከግማሽ የሚበልጠው ተረፈ። ስለዚህ የክረምቱ ዝናብ ሳይጀምር፣ በግንቦት ወር፣ በመጀመሪያ የቆርቆሮው ገንዘብ ለእናቴ እንዲላክ፣ በተረፈው እንድንሄድ ተስማማን። ይህንም ለእናቴ በስልክ ስነግራት ለጥቂት ጊዜ ዝም አለች። ከዚያም «ወደይ፣ ጣራው እኔን ነው የሚጠብቀኝ፤ ባሕሩ ግን አንተን አልጠበቀህም። አባትህ ያየውን ነግሮህ ሞተ። አንተ ደግሞ የሰማኸውን ብቻ ለልጆችህ አታውርሳቸው፤ ሂድ» አለችኝ። ባለቤቴ በአጠገቤ ሆና ትሰማ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ክርክር አላነሣንም።

አሁን የዝግጅቱን ዝርዝር ላቅርብ። በመጀመሪያ የወረቀት ጉዳይ ነው። በሞያሌ ገበያ ወዲያና ወዲህ ለሚል የአካባቢው ሰው መታወቂያ ቢበቃውም፣ ከከተማይቱ አልፎ ወደ መሀል ኬንያ የሚሄድ ሰው ፓስፖርት ማስመታት ይገባዋል፤ በመንገዱ ላይም ፖሊሶች እያስቆሙ ይመረምራሉ። ለሕፃናትም ለየራሳቸው ፓስፖርት ማውጣት ያስፈልጋል፤ የልደት የምስክር ወረቀታቸውንም መያዝ ይበጃል። የቢጫ ወባ ክትባት ከጉዞው ቢያንስ 10 ቀን አስቀድሞ መወሰድ አለበት፤ ምስክሩም ቢጫ ካርድ ከፓስፖርቱ ጋር ይቀመጣል። በጠረፉ ወባ ስላለ ሐኪም ማማከርና አጎበር መያዝ ደግ ነው። እመቤቶችም አንድ ነገር ልብ ይበሉ። ኬንያ ከ2017 ጀምሮ የላስቲክ መያዣ ከረጢትን ስለ ከለከለች፣ ስንቅ በፌስታል ቋጥሮ መሻገር ቅጣት ያስከትላል። እኛ በሶውንና ቆሎውን በጨርቅ ከረጢት አድርገነዋል።

ሁለተኛ መንገዱ ነው። ከሞያሌ እስከ ናይሮቢ ወደ 780 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ከሞያሌ እስከ አዲስ አበባም ያለው ከዚህ ብዙ አይለይም፤ ስለዚህ የሞያሌ ሰው በሁለቱ ዋና ከተማዎች መካከል እንደ ሚዛን ምላስ ቆሟል ማለት ይቻላል። ሽማግሌው እንደ ነገሩኝ፣ ዱሮ ይህ መንገድ አቧራና ድንጋይ በነበረ ጊዜ ጭነት የያዘ መኪና ቀናት ይፈጅበት ነበር፤ ዛሬ በአስፋልት አውቶቡሱ በአንድ ሌሊት ይጨርሰዋል። ከቱርቢ ቀጥሎ የዲዳ ገልገሉ ጥቁር ድንጋይ ምድረ በዳ፣ ከዚያ በድንገት ደን የለበሰው የማርሳቢት ተራራ፣ ከዚያ ላይሳሚስና ኢሲዮሎ ይመጣሉ። ኢሲዮሎ ኢጣልያ አገራችንን በወረረ ጊዜ ተሰደው የመጡ ኢትዮጵያውያን የተጠለሉበት ቦታ ስለ ሆነ ስናልፍ ለልጆቹ እነግራቸዋለሁ። በናንዩኪ ላይ የምድር ወገብ ይታለፋል። በዚያ አጠገብ ያለው የኬንያ ተራራ 5,199 ሜትር ከፍታ ስላለው ሌሊቱ ብርድ ነው፤ ወደ ሞቃት ባሕር እሄዳለሁ ብሎ ጋቢ ያልያዘ ሰው ይቆጫል።

ከናይሮቢ እስከ ሞምባሳ ወደ 470 ኪሎ ሜትር የሚሆነው ጉዞ በባቡር ነው። የመጀመሪያው ሐዲድ ከሞምባሳ ተነሥቶ የተዘረጋው በ1896 ሲሆን፣ በ1901 ከቪክቶሪያ ሐይቅ ደረሰ። በግንቦት ወር 2009 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው አዲሱ ባቡር ደግሞ መንገዱን በአምስትና በስድስት ሰዓት መካከል ይፈጽመዋል። ሐዲዱ በጻቮ የዱር አራዊት ክልል ውስጥ ስለሚያልፍና ዝሆኖች በሥሩ የሚሻገሩበት መተላለፊያ ስለ ተሠራለት፣ ልጆች ያሉት ሰው የቀኑን ባቡር ቢመርጥ ይሻላል። የናይሮቢው ጣቢያ ከመሀል ከተማ ውጭ ስለ ሆነ አስቀድሞ መነሣት ይገባል። የሞምባሳውም ጣቢያ ያለው በደሴቲቱ ላይ ሳይሆን በየብሱ በሚሪቲኒ ስለ ሆነ፣ ወደ ደሴቲቱ መግቢያ ሌላ መኪና ያስፈልጋል።

ሦስተኛ የሰዓትና የቋንቋ ነገር ነው። ከሽማግሌው ከተማርሁት ሁሉ ያስደሰተኝ ይህ ነው። ስዋሂሊ ተናጋሪው ሕዝብ ሰዓቱን የሚቆጥረው እንደ እኛ ከፀሐይ መውጣት ጀምሮ ነው፤ እርሱ «ሳ ሞጃ» ሲል እኛ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት የምንለው ነው። የባቡርና የአውቶቡስ ቲኬት ግን በኤውሮፓ ሰዓት ስለሚጻፍ፣ 8 ሰዓት የሚለውን ጠዋት ሁለት ሰዓት መሆኑን ያላስተዋለ ሰው ባቡሩ ያመልጠዋል። ቋንቋውም ከዐረብኛ ብዙ ቃል ስለ ወረሰ ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ ደምን «ዳሙ»፣ ስኳርን «ሱካሪ» ይለዋል። ባሕርንም «ባሓሪ» ይለዋል። እኛ በትግርኛ «ባሕሪ» እንላለንና፣ አባቴ ማታ ማታ ይጠራው የነበረውን ቃል ከጎዶማ ሽማግሌ አፍ ስሰማ ለጊዜው የምለውን አጣሁ።

አራተኛ የወራቱ ምርጫ ነው። በጠረፉ ብርቱው ዝናብ የሚጥለው በሚያዝያና በግንቦት ነው። ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ደረቅና ሞቃት ሆኖ ካስካዚ የሚባለው የሰሜን ምሥራቅ ነፋስ ይነፍሳል፤ ጥንት የዐረብና የሕንድ ጀልባዎች ወደዚያ የሚወርዱት በዚህ ነፋስ ነበር። ከሚያዝያ ጀምሮ ደግሞ ኩሲ የሚባለው የደቡብ ነፋስ ይተካና ጀልባዎቹን ወደ መጡበት ይመልሳቸዋል። ለተማሪ ልጆች የሚመቹት ሐምሌና ነሐሴ፣ ባሕሩ ጥቂት ቢናወጥም፣ አየሩ ቀዝቀዝ የሚልባቸው ናቸው። ባሕሩም በቀን ሁለት ጊዜ ሞልቶ ሁለት ጊዜ ይጎድላል፤ ሲጎድል በብዙ ሜትር ወደ ኋላ ይሸሻል፤ ሲመለስም አያስጠነቅቅም። ስለዚህ ከአገሩ ሰው ሰዓቱን ሳይጠይቁ ልጆችን ወደ ውኃ መስደድ አይገባም። በሾለው የባሕር ድንጋይ ላይ በባዶ እግር መሄድም ያቆስላል። ሰፊው የአሸዋ ዳርቻ ያለው ከደሴቲቱ ውጭ፣ በስተ ሰሜን በንያሊና በባምቡሪ፣ በስተ ደቡብ በዲያኒ ስለ ሆነ ለዚያ አንድ ሙሉ ቀን መድበናል። በደሴቲቱ ላይ ግን ትልልቅ የባኦባብ ዛፎች በቆሙበት በባሕሩ ዳር መናፈሻ ማታ ማታ መቀመጥ ይበቃናል።

ክቡራን አንባቢዎች፤ ዝግጅታችን ይህን ይመስላል። የቆርቆሮው ገንዘብ ተልኳል፤ እናቴም አናጢ መጀመሩን ነግራናለች። የዓመት ዕረፍት ማመልከቻዬ ተፈቅዷል። የአውቶቡሱ ቀን ልጆቹ በግድግዳው ላይ ከሰቀሉት የቀን መቍጠሪያ በቀይ ቀለም ተከቧል። ከጥቂት ወራት በፊት ጉዞ ማለት የሀብታም ነገር ይመስለን ነበር፤ በአቅም ልክ ከታቀደ ግን ያለ ዕዳ እንደሚቻል አየን። ከዚህም በላይ፣ የተከፈተ በር ሁልጊዜ ተከፍቶ እንደማይኖር እኔ በሰሜኑ ድንበር ተምሬአለሁና፣ በደቡቡ ድንበር ይህን ስሕተት አልደግመውም።

ትናንት ማታ ልጄ ሸክሟን ስታሰናዳ ከጫማዋና ከልብሷ ጋር አንዲት ባዶ የውኃ ጠርሙስ አኖረች። ምን ሊሆናት እንደ ሆነ ብጠይቃት፣ «ለአያቴ ባሕሩን ላመጣላት ነው» አለች። ጥቂት አስባም፣ «አባባ፣ የባሕሩ ማዶስ ኬላ አለው?» ብላ ጠየቀችኝ። በሞያሌ የተወለደ ልጅ ማዶ ሲባል የሚታየው ኬላ ነውና አልፈረድሁባትም። «ሄደን እናየዋለን» አልኋት። አባቴ ለእኔ የሰጠኝም መልስ ይኸው ነበር፤ እኔ ግን ቀኑን ቆርጬ ነው የነገርኋት።